መመለሻ የሌለው ወንዝ ዳር፣ የፖሊ ቤት

ከሲያትል የተነሳነው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነው። መኪናው ውስጥ ሁለት ነን፤ እኔና እትዬ። የሥጋ ዘመዴ አይደሉም፤ የተዋወቅነው ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤይሩት 11 ዓመት ሰው ቤት ሠርተው፣ ኋላ በልጃቸው በኩል አሜሪካ የገቡ ሴት ናቸው። አንድ እሁድ ቡና ላይ የፖሊ ቢሚስን፣ ተሸጣ አሜሪካ የመጣችና አይዳሆ ውስጥ ወንዝ ዳር የኖረች የቻይናዊት ሴት ታሪክ ሳወራ ስኒያቸውን አስቀመጡና "እኔንም ውሰጂኝ" አሉ። እኔም ቀኑን ቆረጥኩ።

መንገዱ ረጅም ነው። የዋሽንግተንን የስንዴ ማሳ አቋርጠን አይዳሆ ገባን። ሉዊስተንን አልፈን ብዙ ከነዳን በኋላ መሬቱ በአንዴ ከእግራችን ሥር ተከፈተ። ኋይት በርድ የሚባለው ቁልቁለት ነው። እትዬ ጎጃም፣ ደጀን አካባቢ ነው ያደጉት። መስኮቱን ዝቅ አድርገው ሙቀቱን ሲቀምሱት "ይሄማ አባይ በረሃ ነው!" አሉ። እውነታቸውን ነው። ከላይ ነፋሻ ነበር፤ ታች ጆሮ ይደፍናል፤ ሣሩ ወርቅማ ሆኖ ደርቋል። ከቁልቁለቱ ግርጌ የጦር ሜዳ አለ። ኔዝ ፐርስ የተባሉት የአገሩ ባለቤቶች በሰኔ 1877 የአሜሪካን ጦር ድል ያደረጉበት ቦታ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) 34 ወታደር ሞቷል፤ ከእነሱ ወገን አንድም ሰው አልሞተም። በዚያው ዓመት ግን በመጨረሻ ተሸንፈው ከአገራቸው ተነቀሉ። ቆመን አየነው። እትዬ አማተቡ።

ሪጊንስ አደርን። ወንዝ ዳር የተዘረጋች፣ ጥቂት መቶ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። በማግስቱ ጠዋት ወንዙን ተከትለን ወደ ምሥራቅ ነዳን። መንገዱ መጀመሪያ አስፋልት፣ ቀጥሎ ኮረኮንች ሆነና ቪነገር ክሪክ ላይ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ያለው ውሃና ተራራ ብቻ ነው።

የሳልመን ወንዝ 680 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በዋናው ወንዝ ላይ አንድም ግድብ የለም። በ1805 አሜሪካዊው አሳሽ ዊልያም ክላርክ መንገድ ፍለጋ መጥቶ ገደሉንና የሚፈላውን ውሃ አይቶ ተመልሷል። "መመለሻ የሌለው ወንዝ" የተባለው ግን ኋላ ነው። ድሮ ዕቃ የሚጫነው በትልልቅ የእንጨት ጀልባዎች ነበር። ከፊትና ከኋላ ረጃጅም መቅዘፊያ ነበራቸው። ከውሃው ጋር ይወርዳሉ፤ ሽቅብ መመለስ ግን አይችሉም። ስለዚህ ታች ሲደርሱ ይፈርሱና ሳንቃቸው ይሸጣል፤ ቤት ይሠራበታል።

ዛሬ ሽቅብ የሚወጣው ጄት ቦት ነው። ሞተሩ ውሃውን ከሥር ይስብና ወደ ኋላ በኃይል ይተፋዋል፤ በዚያ ግፊት ጀልባው ይወነጨፋል። ድንጋይ በሞላበት ስስ ውሃ ላይ የሚሄደውም ለዚህ ነው። ውሃው ነጭ ሆኖ በሚንፈቀፈቅበት ቦታ ስንደርስ ሆዴ ባባ። እትዬ የፊቱን ብረት ጭብጥ አድርገው ይዘው "በስመ አብ" እያሉ ነበር። ሁለተኛው ላይ ግን ፈገግ አሉ። አንድ ትልቅ ግንድ ዓለት ላይ ተሰቅሎ አየንና "አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል" አሉኝ ጆሮዬ ላይ። በሞተሩ ጩኸት መሃል በግድ ነው የሰማሁት።

ከዚያ ገደሉ ትንሽ ሰፋ አለ። ነጭ አሸዋ፣ ረጃጅም ጥድ፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ አረንጓዴ መስክ። የፖሊ እርሻ ይሄ ነው። በመኪና መንገድ አይደረስበትም፤ የሚመጣው በውሃ ነው፣ አለዚያ ተራራውን ቆርጦ።

የፖሊ ቤት ትንሽ የግንድ ቤት ናት። እንደ ሙዚየም የታደሰችው በ1987 ነው፤ በዓመቱ በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገብታለች። ፖሊ በ1853 ሰሜን ቻይና ውስጥ ተወለደች። ልጅ ሳለች እግሯ እንዳያድግ ታስሮ ነበር። ረሃብ ገባ፤ ቤተሰቦቿ ሸጧት። በፖርትላንድ በኩል በድብቅ አስገቧትና በ1872 በበቅሎ ጭነት ዋረን ወደምትባል የወርቅ ቆፋሪዎች ሰፈር አመጧት፤ ለአንድ ሀብታም ቻይናዊ። 19 ዓመቷ እንኳን አልሞላም። ካረጀች በኋላ ለአንዲት እንግዳ ዋጋዋን ነግራታለች። 2,500 ዶላር።

ሰው ስለሷ ሲያወራ የሚወደው ወሬ አለ። ኋላ ያገባት ቻርሊ ቢሚስ በካርታ ጨዋታ አሸንፎ ወሰዳት ይባላል። የታሪክ አጥኚዎች ማስረጃ የለውም ይላሉ። እኔ ይሄ ወሬ ያበሳጨኛል። 60 ዓመት እዚህ አገር የሠራችን ሴት የአንድ ማታ ቁማር ዕጣ ያደርጋታል። የሚታወቀው እኮ ሌላ ነው። በ1890 ቻርሊ ፊቱን በጥይት ተመታ። ይሞታል ተባለ። አስታማ ያዳነችው እሷ ናት። በ1894 ተጋቡና ወደዚህ ወንዝ ወረዱ።

እዚህ ያለውን ሁሉ በእጇ ነው ያቆመችው። አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ዶሮ፣ ላም። ዓሣ ማጥመድ ትወድ ነበር። ከወንዙ ማዶ የሚኖሩት ሁለት ጎረቤቶች የስልክ ሽቦ በውሃው ላይ ዘርግተው ከእሷ ጋር ያወሩ ነበር። በግቢው የሚወርደው ጅረት ዛሬም በስሟ ይጠራል። እጄን ነከርኩበት፤ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል።

ቤቱ ውስጥ ፎቶዋ አለ። ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ እጇን ወንበር ላይ አድርጋ ቆማለች። ጀልባ ነጂው ስለ ወረቀቷ ነገረን። በ1882 ቻይናውያን ሠራተኞች እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ ወጣ። በ1892 ደግሞ ያሉትም የመኖሪያ ወረቀት እንዲይዙ ተደነገገ፤ ያልያዘ ይባረራል። ፖሊ ወረቀት አልነበራትም። ፍርድ ቤት ደርሳ በ1896 አገኘች፤ አገሩ ላይ 24 ዓመት ከኖረች በኋላ።

ለእትዬ ተረጎምኩላቸው። ዝም አሉ። ቆይተው "ወረቀት አወጣች በይኛ" አሉ። ከዚያ ደግሞ "ያኔ እንዴት እንደተኛች እኔ አውቃለሁ" አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም። ቤይሩት ፓስፖርታቸው በአሠሪያቸው ቁምሳጥን እንደተቆለፈ 4 ዓመት መኖራቸውን አንዴ ነግረውኛል።

በ1922 የመጀመሪያው ቤት ተቃጠለ። ቻርሊም በዚያው ዓመት ሞተ። ፖሊ ወደ ዋረን ወጣች። በ1923 ግሬንጅቪል ሄዳ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ባቡር አየች። ወደ 70 ዓመቷ ነበር። ከተማው ተቀብሏታል፣ ወዳጆችም አሏት። ግን በ1924 ጎረቤቶቿ አዲስ ቤት ሲሠሩላት ወደ ወንዟ ተመለሰች። ያየናት ቤት እሷ ናት። በኅዳር 1933 ግሬንጅቪል ሐኪም ቤት አረፈች፤ እዚያው ተቀበረች። አፅሟ ወደዚህ የመጣው በ1987፣ ቤቷ ሲታደስ ነው።

መቃብሯ ከቤቱ አጠገብ ነው። እትዬ ጎንበስ ብለው በድንጋዩ ላይ የወደቀውን የጥድ ቅጠል በእጃቸው ጠረጉ። ከዚያ ፔርሙሱን አውጥተው ቡና ቀዱ፣ ቆሎውን ዘረገፉ። ለጀልባ ነጂውም አቀበሉት። ቆሎውን ወደደው፤ ሁለቴ ጨለፈ። ነፋሱ ከወንዙ እየመጣ ነበር። ለረጅም ጊዜ ማናችንም አላወራንም።

ወደ ሲያትል ስንመለስ ኮተንዉድ ላይ ቆምን። የቅድስት ገርትሩድ ገዳም አለ፤ የሴቶች ገዳም ነው። ሙዚየሙ ውስጥ የፖሊ ንብረቶች አሉ። እትዬ መጀመሪያ ጸሎት ቤቱን ተሳለሙ፤ "ለሁሉም አንድ እግዜር ነው" ብለው። ከዚያ ልብሷ ፊት ቆሙ። ፖሊ ቁመቷ ከአንድ ሜትር ተኩል የዘለለ አልነበረም። እትዬ መስታወቱ ላይ ስንዝራቸውን ዘርግተው የትከሻውን ስፋት ለኩ። አንድ ስንዝር፣ ትንሽ ጨመር። እንደገና ለኩ።

"ልጅ እኮ ነች" አሉኝ።