በየትኛው እጅዎ ነው የሚሠሩት?

ሰሞኑን ከሥራ መልስ የማነበው ስለ አንድ ጃፓናዊ ነው። ኦሳሙ ቴዙካ ይባላል። በሕክምና ተመርቆ፣ ዕድሜውን ግን የሥዕል ታሪክ፣ ጃፓኖች ማንጋ የሚሉትን፣ ሲጽፍና ሲሥል የጨረሰ ሰው ነው። ስሙን መጀመሪያ ያነሣልኝ የእህቴ ልጅ ነው። እኔ ዘንድ ተቀምጦ እዚሁ ሐዋሳ ይማራል፤ ማታ ማታ ስልኩ ላይ አፍጥጦ የጃፓን ካርቱን ያያል። አንድ ምሽት «አክስቴ፣ ይህን ሁሉ መንገድ የጠረገው እኮ እንዳንቺ የሆስፒታል ሰው ነው» አለኝ። እሱ በዚያው ረሳው። እኔ ነርስ ነኝና፣ ከልጅነቴም ጀምሮ እርሳስ ከእጄ አይጠፋምና፣ ነገሩ አልለቀቀኝም።

የተወለደው በ1928 በኦሳካ አካባቢ ነው (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ ያደገው ታካራዙካ በምትባል ከተማ። መነጽር የሚያደርግ፣ ጸጉሩ የተጠቀለለ፣ እኩዮቹ የሚያሾፉበት ልጅ ነበር። ጥንዚዛና ቢራቢሮ እየለቀመ መልካቸውን በጥንቃቄ ይሥል ነበር። እናቱ የሥዕል ታሪኮችን ጮክ ብላ ታነብለታለች፤ አባቱ ቤት ውስጥ ፊልም የሚያሳይበት ማሽን ነበረው። በጦርነቱ ዘመን፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ ሁለቱም ክንዶቹ በቆዳ ኢንፌክሽን አብጠው ለመቆረጥ ተቃርበው ነበር። አንድ ሐኪም አከመው፤ ዳነ። ሐኪም የመሆን ፍላጎት ያደረበትም በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቆየሁ። እኛ ክፍል ክንዱ ያበጠ ሰው ሲመጣ የምናየው ክንዱን ነው፤ ሙቀቱን፣ ቅላቱ የት ድረስ እንደ ዘለቀ፣ ጣቱን ተጭነን ስንለቀው ደሙ ቶሎ መመለስ አለመመለሱን። ያ ሐኪምም ያየው ይህንኑ መሆን አለበት። ያዳነው የአንድ ተማሪን ክንድ ነው። ከዚያ ክንድ በኋላ 150,000 ገጽ ያህል የሥዕል ታሪክ ወጣ፤ አንድ አሳታሚ ሰብስቦ ያተመው ብቻ 400 ቅጽ ሞልቷል። ሐኪሙ ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር። እኛም ፋሻ የምንጠቀልልለት እጅ ነገ ምን እንደሚሠራ አናውቅም።

በሰኔ 1945 ኦሳካ በቦምብ ስትደበደብ ቴዙካ በጦር መሣሪያ ፋብሪካ የግዴታ ሥራ ላይ ነበር። የአውሮፕላን መምጣት የሚጠብቅበት ማማ ላይ ቆሞ ሳለ ተቀጣጣይ ቦምብ አጠገቡ ወደቀ፤ በሕይወት ወረደ። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ፣ ገና የሕክምና ተማሪ እያለ፣ ባለ አራት ሣጥን ሥዕሎቹ በአንድ የልጆች ጋዜጣ ላይ መውጣት ጀመሩ። በ1947 ደግሞ ድርሰቱን ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ የሣለው «አዲሱ የውድ ሀብት ደሴት» በዚያች ከጦርነት በወጣች የተራበች አገር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ቅጂ እንደተሸጠ ይነገራል። የመክፈቻ ገጾቹን አይቻቸዋለሁ። አንድ ልጅ በመኪና ወደ ወደብ ይከንፋል፤ ያንኑ ጉዞ አንዴ ከቅርብ፣ አንዴ ከሩቅ፣ የፊልም ካሜራ በሚዞርበት መንገድ እየዞረ ያሳየናል።

በሥዕል ታሪክ መንገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 አራት ማዕዘን ከፋፍሎ፣ ከየሥዕሉ ሥር በአማርኛ ጽፎ በሸራ ላይ ማቅረብ የሠዓሊዎቻችን የቆየ ልማድ ነው። ልጅ ሆኜ አንድ ምግብ ቤት ግድግዳ ሥር ቆሜ፣ ምግቡ እስኪቀርብ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አንብቤዋለሁ። በዚያ ሸራ ላይ ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው ስንሻገር ወራት ያልፋሉ፤ ንግሥቲቱ እዚህ ተነሣች፣ እዚያ ደረሰች። ቴዙካ ግን ለአንዲት ቅጽበት ብዙ ሣጥን ይሰጣታል፤ ግንባር ሲያልብ፣ ዓይን ወደ በሩ ሲዞር፣ በሩ ሲከፈት። የሌሊት ተረኛ ሆኜ ስለማድር ይህ አሣሣል እውነት መሆኑን እመሰክራለሁ። ለታማሚ ሌሊቱ በአንድ ሣጥን አያልፍም።

ወደ ምርጫው ልምጣ። ትምህርቱና ሥዕሉ አልገጣጠም ሲሉት እናቱን አማከረ። የትኛውን አብልጦ እንደሚወድ ጠየቀችው፤ ማንጋውን አላት፤ እንግዲያው ወደ ቶኪዮ ሂድና እሱን ሥራ አለችው። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ድህነት፣ የሕክምና ተማሪ ልጅ ያላት እናት! የእኔ እናት ደግ ሴት ናት፤ ግን ነርስነቱን ትቼ ሥዕል ልሥል ብላት ዘመድ ጎረቤቱን ሰብስባ ታስመክረኝ ነበር። አልፈርድባትም። በሥዕል የሚበላ ሰው አይታ አታውቅም። አሁን የእህቴ ልጅ ያየው ሌላ ነው፤ በ2018 ጀምበር የተባለው ኢትዮጵያዊ ባለ ልዩ ኃይል ጀግና በአማርኛም በእንግሊዝኛም በኮሚክ መጽሐፍ ወጥቷል። ቴዙካም ቢሆን ትምህርቱን ጥሎ አልሄደም፤ በ1951 ተመረቀ፣ ቆይቶም በ1961 በሕክምና ሳይንስ የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ እዚህ መዘርዘር አልችልም። በ1952 ልጁን በመኪና አደጋ ያጣ ሳይንቲስት ስለሠራው ሮቦት ልጅ መጻፍ ጀመረ፤ ዓለም አስትሮ ቦይ እያለ የሚያውቀው ይህ ነው። በ1963 ታሪኩን በራሱ ስቱዲዮ ለቴሌቪዥን አበቃው፤ የእህቴ ልጅ እንቅልፍ የሚያጣለት ካርቱን ሁሉ ከዚያ መንገድ የመጣ ነው። በ1973 ስቱዲዮው ከሰረ። አንባቢውም ዘመኑ ያለፈበት አድርጎ ይቆጥረው ጀምሮ ነበር።

እኔን የያዘኝ በዚያው በ1973፣ በውድቀቱ ወራት፣ የጀመረው «ብላክ ጃክ» ነው። ፈቃድ የሌለው የቀዶ ጥገና ሐኪም ታሪክ ነው፤ አንዱን ሀብታም የማይከፈል ገንዘብ ይጠይቃል፣ ሌላውን በነጻ ያክማል። ፊቱ ላይ ረጅም የስፌት ጠባሳ አለ፤ ከጠባሳው ወዲያና ወዲህ ያለው ቆዳም ቀለሙ ይለያል። ልጅ ሳለ በፍንዳታ ተጎድቶ ቆዳ ሲያስፈልገው የራሱን የሰጠው አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛው ነው፤ ከጥቁርና ከጃፓናዊ ወላጆች የተወለደ ልጅ። ካደገ በኋላ ያን ቆዳ በራሱ ቀለም ማስለወጥ ይችል ነበር፤ አልፈለገም። ቴዙካ ይህን ለመንገር ንግግር አላበዛም። በየገጹ ያን ባለ ሁለት ቀለም ፊት ይሥላል፣ በቃ። አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ፤ ባነበብኳቸው ታሪኮች ውስጥ ሁሉም ነገር በሐኪሙ ምላጭ የሚያልቅ ይመስላል። ከምላጩ በኋላ የሚመጣው የቁስል ማጠቡ፣ የማገላበጡ፣ ሽንት የመለካቱ ሥራ አይታይም። የእኛ ቀን የሚሞላው ግን በዚያ ነው።

እኔ የምሥለውም ይህንኑ ነው። ሐዋሳ ሆስፒታል ተኝቶ የሚታከም ሰው ሲዳምኛ ብቻ፣ ወላይትኛ ብቻ፣ ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር ሊሆን ይችላል፤ አስተርጓሚ ሁልጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ቁስሉ ቤት ሲገባ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ምን ሲታይ ቶሎ መመለስ እንደሚያስፈልግ በሣጥን በሣጥን እሥልና ለአስታማሚው እሰጣለሁ። ቴዙካን ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ሣጥኖቹን አበዛኋቸው። ፋሻው ሲነሣ አንድ፣ ሽታው ሲለወጥ አፍንጫ የሚይዝ ሰው አንድ፣ የቅላቱ መስፋት ደግሞ ሦስት ሣጥን ተሰጥቶታል።

ስለ ሞቱ ያነበብኩት ግን ሥዕል ብቻ ሆኖ አላለፈኝም። በ1980ዎቹ አጋማሽ በጃፓን ቴሌቪዥን ላይ በቀረበ ዘጋቢ ፊልም፣ ሐሳብ በርካሽ የሚቸረችረው ያህል እንዳለው፣ ክብ መስመር ግን እንደ ድሮው መሣል እንዳቃተው ይናገራል። ክብ! የሮቦቱ ልጅ ጭንቅላት፣ ዓይን፣ ጉንጭ፣ ዓለሙ ሁሉ በክብ የተሠራ ነው። በየካቲት 9 ቀን 1989 በጨጓራ ካንሰር ሞተ፤ 60 ዓመቱ ነበር። በጊዜው በነበረው የጃፓን ልማድ ካንሰር እንደሆነ አልነገሩትም። ሦስት ታሪኮች ተጀምረው ቀሩ፤ ከ1954 ጀምሮ ሲጽፈው የኖረው ትልቁ ሥራው «ፊኒክስ»ም አላለቀም። በመጨረሻዎቹ ቀናት ሲነቃ እርሳስ ይጠይቅ እንደነበር፣ አንዲት ነርስ መሣያ ዕቃውን ልትወስድበት ስትል «እባካችሁ፣ ልሥራበት» ብሎ እንደ ለመነ ይነገራል።

ያቺ ነርስ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ሰው ታሪኩን ሲያወራ እሷን እንደ ጨካኝ ያያታል። እኔ አላያትም። ታማሚዋ እንዲያርፍ፣ መርፌው ከቦታው እንዳይነቀል፣ ጉልበቱ እንዳያልቅ ፈልጋለች። የተማርነው ይህን ነው።

በቅርቡ ከአሞራ ገደል፣ ከሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ፣ የመጡ አንድ ዓሣ አስጋሪ አባት እኛ ክፍል ተኝተው ነበር። በሽታቸው የማይድን መሆኑን ልጃቸው ሰምቷል። ኮሪደር ላይ አስቁሞኝ «እባክሽ ሲስተር፣ አባባ እንዳይሰሙ» አለኝ። ይህን ልመና እኛ አገር ያልሰማ ነርስ የለም። እሳቸው ግን ጣቶቻቸው ሥራ አልፈቱም፤ የጋቢያቸውን ዘርፍ ሁለት ሁለት እያደረጉ ይቋጥሩ፣ ይፈቱ፣ መልሰው ይቋጥሩ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳየው የመረብ ቋጠሮ ነው፤ እኩል እኩል፣ አንዱ ከሌላው ሳይበልጥ። መረብ ጀምረው ነው የመጡት።

እኔ በዚህ ነገር አቋም አለኝ። የተጀመረ ሥራ ያለው ሰው ጊዜው አጭር መሆኑን የማወቅ መብት አለው። ቴዙካ ቢነገረው ኖሮ ሦስቱን ትቶ «ፊኒክስ»ን ይጨርስ ነበር ወይስ አይጨርስም፣ ምርጫው የእሱ ነበር። ቤተሰብ የሚደብቀው ከፍቅር ነው፤ አልክድም። ግን ፍቅሩ ምርጫውንም አብሮ ይወስዳል። ከልጃቸው ጋር በሰላም ተነጋገርን፤ ሐኪሙ ቤተሰቡ ባለበት በቀስታ ነገራቸው። ብዙ ዝም አሉና መረባቸውን ጠየቁ። ሐይቅ የገባ መረብ ወደ ክፍሉ ሊገባ አይችልም። ልጃቸው ከገበያ አዲስ ክር ገዝቶ መጣ፤ የመረብ መሥሪያ መርፌውን እኔ አጸዳሁላቸው። ግሉኮሱ የሚገባው በቀኝ ክንዳቸው ስለነበር ካኑላውን፣ ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ፣ አንሥቼ በግራው ተከልኩት። አሁን ንቃት ላለው ታማሚ ሁሉ መርፌ ከመውጋቴ በፊት በየትኛው እጁ እንደሚሠራ እጠይቃለሁ። ወጥ ሠሪ ናቸው፣ አናጺ ናቸው፣ ባጃጅ ነጂ ናቸው፤ ሲጠየቁ ፊታቸው ይለወጣል።

ለዚያች ጃፓናዊት ነርስም የምላት ይህን ነው። መሣያውን አትውሰጂ፤ ትራሱን ከፍ አድርጊ፣ የምግብ ጠረጴዛውን ወደ ደረቱ አስጠጊ፣ መርፌውን ወደማይሥልበት ክንድ አዛውሪ፣ ሲደክመው እዚያው ይተኛ።

የእሷን ታሪክ በሣጥን ልሥለው ነው፤ ከእሷ በኩል ሆኜ። የእህቴ ልጅ በቀለም ሊያግዘኝ ተስማምቷል። እሱ ነርሷ ቅንድቧን አኮሳትራ፣ ጥቁር ጥላ ጥሎባት ትግባ ይላል፤ አንባቢ ቶሎ እንዲረዳ። እኔ እንቢ ብዬዋለሁ። ጫማዋ ነጭ፣ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ፣ በአንድ እጇ የሙቀት መለኪያ የያዘች ትሁን ብያለሁ። እስካሁን አልተስማማንም። ቅዳሜ ተረኛ አይደለሁም፤ እሱም ትምህርት የለውም። ወረቀቱን እሱ ከፒያሳ ይገዛል፣ እኔ ሣጥኖቹን አሰምራለሁ፤ ስለ ቅንድቡ ያን ጊዜ እንጨርሳለን።