የዓሣ ጋሪው ቀዳዳ

ደብረ ብርሃን በአንድ ብየዳ ቤት ስሠራ አንዲት የዓሣ ነጋዴ የሚገፋ ጋሪ አዘዙን። እትዬ ያደጉት ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ባቱ ነው፤ በትዳር ሸዋ ሮቢት ገብተው እዚያ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሊሸጡ አስበዋል።

ጭቅጭቁ የተነሳው በሳጥኑ ነው። እሳቸው ወለሉ ወደ አንድ ጥግ ያዘንብል፣ ጥጉም ይበሳ አሉ። አለቃችን አልተዋጠላቸውም፦ "እትዬ፣ በረዶ ገዝተው ቅዝቃዜውን መንገድ ላይ ሊያፈሱት ነው? ደፍነን እንሥራው።"

"ጋሼ፣ እሱ ውሃ እኮ ነው ዓሣውን የሚገድለው" አሉ እትዬ። አለቃችን ግን ደፍነው አስረከቧቸው።

ብዙም ሳይቆይ ተመልሰው መጡ። ከላይ የተደረደረው ዓሣ ዓይኑ ጥርት እንዳለ፣ የታችኛው ሆዱ ላልቶ፣ ሸትቶ ተጥሏል። በጣም አዘንኩ፤ የሴትዮዋ መነሻ ገንዘብ ነበር።

ትራፓኖ ይዤ አብሬያቸው ወረድኩ። ከጣርማ በር ዋሻ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ጃኬቱ ደብረ ሲና ላይ ይወልቃል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር። በወረድን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ እኛ ዘንድ ቀኑን የሚቆይ በረዶ እዚያ ቶሎ ውሃ ይሆናል። ውሃው የዓሣውን ደምና ዝልግልግ አጥቦ ይወርዳል፤ መውጫ ሲያጣ የታችኛው ዓሣ በዚያ እድፍ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይውላል። ክዳኑ ቢጠብቅ፣ ግድግዳው በፎም ቢለበስ ለዚህ መፍትሔ አይሆንም።

ጥጉን በሳሁት፤ ቀጭን ቱቦ ገጥሜ ከሥሩ ጀሪካን አንጠለጠልኩ፣ መንገዱ እንዳይቆሽሽ። ወለሉን ነቅዬ በዝንባሌ በየድኩት። እትዬ ደግሞ አደራደሩን አሳዩኝ፦ ከሥር የተፈጨ በረዶ፣ ከዚያ ሆዱ የተጠረገ ዓሣ፣ እንደገና በረዶ፣ ላዩም በረዶ። ትልልቅ የበረዶ ድንጋይ አይወዱም፤ ዓሣውን ያቆስለዋል፣ በመሃሉም ሙቅ አየር ይገባል። ገዢ ሲመጣ የጉንጩን ክዳን ገልጠው የውስጡን ቅላት ያሳያሉ፣ ሥጋውን በጣት ተጭነው ተመልሶ ሲነሳ ያስመለክታሉ።

አሁን የዓሣ ጋሪ ሲታዘዝ አለቃችን ላሜራው ሳይቆረጥ "የት ነው የሚሸጠው?" ብለው ይጠይቃሉ፤ ቀዳዳውንም በጠመኔ የሚያመለክቱት ራሳቸው ናቸው።