«አላህ የት ነው?» ክርክርና ከጀርባው ያለው ሌላ ጥያቄ

በፉሪ፣ በአለም ባንክና በቤቴል ሰፈሮች ከመግሪብ እስከ ኢሻ ዐቂዳ (የእምነት ትምህርት) በሚቀራበት መስጂድ ይህ ክርክር አይጠፋም። ወሎ ኪታብ ሲቀራ የቆየው ደረሳ ጓደኛውን «ሙጀሲማ» (አላህን አካል ያለው አድራጊ) ይለዋል፤ በስልኩ ደርስ የሚከታተለው ደግሞ «ሑሉልያ» (አላህ በፍጡር ውስጥ ያድራል ባይ) ብሎ ይመልስለታል። ሁለቱም ከባድ ክስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይገናኙም። አንዱ የሚያወራው ስለ ቦታ ነው፣ ሌላው ስለ መኖር።

ከቦታው እንጀምር። ሱረቱል ሐዲድ አንቀጽ 4ን ሳይቆርጡ እስከ መጨረሻው መቅራት ነው። ሰማያትና ምድር በስድስት ቀናት መፈጠራቸው ይቀድማል፤ ኢስቲዋእ («በዐርሹ፣ በዙፋኑ ላይ ተደላደለ» የሚለው ቃል) ይከተላል። ቀጥሎ አላህ ወደ ምድር የሚገባውንና የሚወጣውን፣ ከሰማይ የሚወርደውንና የሚያርገውን ማወቁ ይነገርና «የትም ብትኾኑ እርሱ ከናንተ ጋር ነው» ይላል። የሚዘጋውም የምትሠሩትን ያያል ብሎ ነው። አብሮነቱ ማወቅና ማየት መሐል ስለተቀመጠ አሰሪዎቹም (ቃሉን እንደመጣ የሚቀበሉት) አሽዐሪዎቹም (ዐቂዳን በአመክንዮ የሚያስረዱት) «በዕውቀቱ» ብለው ይፈቱታል።

እንግዲህ ሰው ሁሉ በየታክሲው የሚላት «አላህ በሁሉም ቦታ አለ» የምትለው አባባል የማናቸውም አይደለችም! አሰሪው፦ አላህ ከዐርሹ በላይ ነው፣ እንዴትነቱን አንጠይቅም ይላል። አሽዐሪና የቅርብ አቻው ማቱሪዲ ደግሞ ቦታ ራሱ ፍጡር ነው፣ አላህ ቦታ ሳይኖር ነበረ ይላሉ፤ ከዚያ ወይ ትርጉሙን ለርሱ ይተዋሉ (ተፍዊድ) ወይ ለልዕልናው በሚስማማ ይፈቱታል (ተእዊል)። በ795 እ.ኤ.አ. ያረፉት ኢማም ማሊክ ስለ ኢስቲዋእ ሲጠየቁ የሰጡትን «ኢስቲዋእ የማይታወቅ አይደለም፣ እንዴትነቱ ግን በአእምሮ አይደረስበትም» የሚል መልስ ሁለቱም ወገን የኔ ነው ብሎ ይጠቅሳል።

ወፍራሙ ጉዳይ ሁለተኛው ነው፦ ፍጡር በራሱ ምን ያህል አለ?

ብዙዎቹ የአሽዐሪ ሊቃውንት አካል ሁሉ ከማይከፈሉ ቅንጣቶች የተሠራ ነው ይላሉ። ቀለም፣ ሙቀት፣ እንቅስቃሴ ደግሞ ዐረድ ይባላሉ፤ ዐረድ ሁለት ቅጽበት አይቆይም፣ አላህ በየቅጽበቱ አዲስ ይፈጥረዋል። በዚህ ሒሳብ ጀበናው ሲፈላ ያፈላው ከሰሉ አይደለም፤ አላህ ከከሰሉ ግለት ጎን ለጎን ፍላቱን ፈጠረ እንጂ። አሽዐሪው ሊቅ ገዛሊ (በ1111 ያረፉት) በፈላስፎች ላይ በጻፉት መጽሐፍ 17ኛው ጉዳይ ይህንኑ በእሳትና በጥጥ አስረድተዋል። ፈላስፋው ኢብኑ ሩሽድ ምክንያትን የካደ አእምሮን ካደ ብለው መልሰውላቸዋል። መልሱ ጠንካራ ነው፤ ግን ገዛሊ የካዱት ልማዱን ሳይሆን ግዴታነቱን ነው።

ከዚህ ወደ ሱፊው ሊቅ ኢብኑ ዐረቢ (1165–1240) አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ አሽዐሪ ነኝ ባዩ ደረሳ ሲሰማው የሚደነግጠውም ይህን ነው። ፉሱስ በተባለው መጽሐፋቸው ውስጥ በሹዐይብ ምዕራፍ አሽዐሪዎች ስለ ዐረድ ያሉት ትክክል ነው፣ ግን ቅንጣቱን ለምን ተዉት? ይላሉ። እርሳቸው ዘንድ የሚታደሰው ዓለሙ በሙሉ ነው። መኖር በእውነት የአላህ ብቻ ነው፤ ፍጡራን በዕውቀቱ ውስጥ የጸኑ፣ የመኖርን ሽታ እንኳ ያላሸተቱ ናቸው።

ለዚህ ነው «ሑሉል» የሚለው ክስ የማይገጥመው። ሑሉል ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ የሚገባና የሚገባበት። ኢብኑ ዐረቢ ጋ ሁለተኛው የለም። በ1328 ያረፉት የአሰሪዎቹ ሊቅ ኢብኑ ተይሚያ የተሻለ ቦታ መተዋል፤ ፈጣሪና ፍጡር ካልተለዩ ታዛዡ ማን፣ አዛዡ ማን? ይህ ጥያቄ እስካሁን ቀላል መልስ የለውም።

ሕንዳዊው ሱፊ ሲርሂንዲ (1564–1624) መሐል ገቡ፦ አንድነቱ በእይታ ነው እንጂ በመኖር አይደለም። ፀሐይ ስትወጣ ከዋክብት አይታዩም፣ ግን አልጠፉም። ሐድራ (የዚክር ጉባኤ) ላይ መንዙማው ሲግል «ካንተ በቀር የለም» የሚል ስንኝ ቢሰማ፣ በኔ ግምት ዘጠና ከመቶው በዚህ መልክ ሊፈታ ይችላል፤ ተክፊር (ከሃዲ ብሎ መፈረጅ) የሚያስቸኩል ነገር የለም።

የኪታቡ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ነው ነገር የሚበላሸው። ፉሱስን ከሰኑሲ (በ1490 ያረፉት) ኡሙል በራሂን (የዐቂዳ መማሪያ ኪታብ) በፊት የከፈተ ይጠፋል። በኡሙል በራሂን ስለ አላህ 20 የግድ ባሕርያት፣ 20 የማይቻሉና 1 የሚቻል፣ በድምሩ 41 ይሸመደዳሉ። ከነሱ አንዱ አላህ በራሱ ቋሚ መሆኑ ነው፤ የሚያርፍበትም፣ የሚመርጥለትም አያሻውም። ይህን በቃሉ የያዘ ደረሳ፣ ሑሉል የሚል ክስ ሲመጣበት ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።