ከኋላ የሚሄደው ማነው?

ሃይኪንግ ስመዘገብ አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው ዋጋውን አይደለም። «ከመጨረሻው ሰው ኋላ የሚሄደው ማነው?» እላለሁ። ስም ካልተጠራልኝ ብሬን አልልክም።

ይህን ያስተማረኝ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው የወጨጫ ተራራ ነው። ከድሬዳዋ የመጣውን የአክስቴን ልጅ ይዤ፣ ሃያ ከሚጠጉ ሰዎች ጋር በሱባ ጫካ በኩል ወጣን። ጫካው ሲያዩት ያስደነግጣል። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ተተከለ ይባላል፤ ጽዶቹ ቀና ብለህ ጫፋቸውን ስትፈልግ አንገትህን ያምሃል። ጉሬዛዎቹ ነጭ ጭራቸውን እያንጠለጠሉ ከላይ ያዩናል። ከፍ እያልን ስንሄድ ጽዱ ለኮሶ ቦታውን ይለቃል፣ ከዚያ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ይጀምራል፣ ብርዱም አብሮ ይመጣል።

ችግሩ የጀመረው እዚያ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የወጨጫ ጫፍ ደግሞ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። ልጁ አዲስ አበባ ከገባ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር። እኛ ከተማው ራሱ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩን ለምደነዋል፤ እሱ ግን ራሱን ያዘው፣ አቅለሸለሸው፣ ቁጭ አለ። ውሃ አጠጥቼው ቀና ስል ሰው የለም። አስጎብኚው አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ከፈጣኖቹ ጋር ፊት ፊት ሄዷል። ደመናው ወረደ። መንገዱ ሁሉ የከብት መንገድ ነው፣ በየሃያ እርምጃው ይከፈላል፣ ኔትወርክም የለም።

በጣም ፈራሁ። ለራሴ ሳይሆን ለእሱ።

ከብት የሚነዱ አንድ አባት ባያገኙን ምን እንደምንሆን አላውቅም። በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ነገርኳቸው፣ ከብቶቹን ለልጃቸው ትተው ቁልቁል መሩን። «ቅርብ ነው» አሉን፣ አንድ ሰዓት ሄድን። ዝቅ ባልን ቁጥር የልጁ ራስ ምታት እየቀለለው መጣ፤ ለከፍታ ሕመም ዋናው መድኃኒት መውረድ መሆኑን ያን ቀን በዓይኔ አየሁ። ሚኒባሱ ጋ ስንደርስ ሌሎቹ ምሳ እየበሉ ነበር። መጉደላችንን ያወቁት ሲያዩን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከሌላ ግሩፕ ጋር እንጦጦ ወጣሁ። አስጎብኚዋ ወጣት ናት። ሳንነሳ ቆጠረችን፣ ቀርፋፋ ነኝ ያለችውን ሴትዮ ከፊት አስቀድማ ሁላችንም በእሷ እርምጃ እንድንሄድ አደረገች። መንገድ በተከፈለ ቁጥር ትቆማለች፣ ትቆጥራለች። ከኋላ ደግሞ እዚያው ሰፈር ያደገ ልጅ አለ፣ ማንንም አልፎ አይሄድም። የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ሲመጡ ከመንገዱ ወጥተን እንድናሳልፋቸው ነገረችን፤ ያን ሁሉ ሸክም ይዘው ለእኛ ዞር ማለት የለባቸውም። ፎቶም እንዳናነሳቸው አለች። እንዲህ ያለ ሰው ሲመራህ ተራራውን ታያለህ፤ ያለዚያ የምታየው የራስህን ጫማ ነው።

የአክስቴ ልጅ ለገና ይመጣል። ወጨጫን ሳልጨርሰው አልቀርም ብሏል። መጀመሪያ ሦስት አራት ቀን ከተማ ውስጥ ያርፋል፣ ቀጥሎ እንጦጦን ቀስ ብለን እንወጣለን፣ ከተስማማው ወጨጫ። ለእንጦጦዋ አስጎብኚ ደወልኩላትና ከኋላ የሚሄደው ያው ልጅ መሆኑን አረጋገጥኩ። ለእኚያ አባት የሚሆን ጋቢም ገዝቻለሁ።