በር ላይ የተለጠፈው ዝርዝር

ሰሞኑን እዚህ ባህር ዳር ስብሰባ የተጠራ ሰው "ወጣቱን ወደ አመራር እናምጣ" የሚለውን ሳይሰማ አይወጣም። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። እኔን የሚከነክነኝ ወሬው ሁሌ ወንበሩ ጋ ሲደርስ ማለቁ ነው። ወጣት ተሾመ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ተጨበጨበ። በማግስቱ ያ ልጅ ቢሮ ገብቶ ምን ማድረግ ይችላል? ማንንስ ነው የሚፈራው?

ይሄን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። የአክስቴ ልጅ የአንድ ቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ሆናለች። የትኛው ቀበሌ እንደሆነ ይቅር። ፖሊ በሚባለው የባህር ዳር የቴክኖሎጂ ተቋም ሲቪል ምህንድስና የተማረች፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ነች። አክስቴ ሹመቱን አልወደደችውም። በዚህ ጊዜ የመንግሥት ወንበር ላይ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። "ደመወዙ እንኳ የቤት ኪራይ አይሸፍን፣ ምን ሊያደርግልሽ ነው?" ትላታለች። ልጅቷ ደግሞ "እማዬ፣ ሌላ ሰው ይግባበት ካልን ያም ሰው እናት አለው" ትላታለች። ይሄ ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም፣ የሚያልቅም አይመስለኝም።

እኔ ቀበሌ ማለት ማህተም ነው ብዬ ነበር የማስበው። የመታወቂያ ጉዳይ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ "ያላገባ" ወረቀት፣ ቢበዛ ቢበዛ የጎረቤት ጠብ። ባለፈው ጉዳይ ይዞኝ ሄጄ ቢሯ ጥግ ላይ ተራዬን ስጠብቅ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ነጠላቸውን አጣፍተው አንዲት እናት ገቡ። የመጡት ለማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። ነገሩን ለማታውቁት፦ መክፈል የሚችል ሰው በዓመት መዋጮውን ይከፍላል፣ የድሃ ድሃ ለተባለው ደግሞ መንግሥት ይሸፍንለታል። የድሃ ድሃ ማን እንደሆነ የሚለየው ደግሞ ቀበሌው ነው። ቁጥሩ ግን የተወሰነ ነው፣ እዚያ ቢሮ "ኮታ" ይሉታል።

"ልጄ፣ ዘንድሮም ስምሽ የለም አሉኝ።"

"እማማ፣ ዝርዝሩ ሞልቷል እኮ።"

"ማን ሞላው?"

ልጅቷ መልስ አልነበራትም። ዝርዝሩ የተሠራው እሷ ከመምጣቷ በፊት ነው። ከመሳቢያዋ አውጥታ ስሞቹን አንድ በአንድ ታነብላቸው ጀመር። እማማ መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው ያዳምጣሉ። "እሷስ እውነት ነው፣ ይገባታል።" "እሱም ምስኪን ነው፣ ዓይኑ አያይም።" እንዲህ እንዲህ ሲሉ ቆይተው አንድ ስም ላይ ቀና አሉ። "እሱማ ሁለት ባጃጅ አለው!" ልጅቷ በቀይ እስክሪብቶ አሰመረችበት። ከዚያ ደግሞ ሌላ ስም። ከዚያ ሌላ። ቀዩ መስመር ሲበዛ እኔ ራሴ የመጣሁበትን ጉዳይ ረሳሁት።

ያ ሰውዬ እንዲሁ በብዕር አይሰረዝም። ኮሚቴ መቀመጥ አለበት፣ ኮሚቴው ደግሞ በየጊዜው ስብሰባ ላይ ነው። ታዲያ ምን አደረገች? ዝርዝሩን አትማ ቀበሌው በር ላይ ለጠፈችው፣ ተቃውሞ ያለው ይምጣ ብላ። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ደስ ያላቸው ነበሩ፣ ስድብ ያወረዱባትም ነበሩ። እውነት ለመናገር እኔም ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም። በእርግጥ የተቸገረ ሰው ስሙ "የድሃ ድሃ" ተብሎ አደባባይ ሲወጣ ይሸማቀቃል፣ ልጅ ያለው ደግሞ የባሰ ይሸማቀቃል። ይሄን ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና በነጋታው ወረቀቱን አንስታ ዝርዝሩን ለየእድሩ በእጅ ሰጠች። ሐሜቱ በረደ፣ ማጣራቱ ግን ቀጠለ።

ችግሩ የመጣው ከሰፈር አልነበረም። ስልክ ተደወለላት። "ማን ፈቅዶልሽ ነው?" አላት ከበላይ ያለ ሰው። ወጣቷ አመራር፣ ትናንት የተጨበጨበላት ልጅ!

እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው። የሾማት እሱ ነው፣ የሚያነሳትም እሱ ነው። ታዲያ ማንን ትስማ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ላይ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። የምርጫ ሕጉም 21 ዓመት የሞላው ሰው መወዳደር ይችላል ይላል። ወረቀቱ ላይ ቅር የሚል ነገር የለም። ግን እኛ ጋ የቀበሌና የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ነው። ያኔም ቢሆን ወንበሩን የጠቀለለው ገዢው ፓርቲ ነበር። በ2010 መካሄድ የነበረበት ተራዘመ፣ ከዚያ ወዲህ ተራዝሞ ቀረ። በ1996 የወጣው የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። እስቲ አስሉት። ዛሬ በፖሊሲው ወጣት የሚባል አንድም ሰው ያኔ 18 አልሞላውም ነበር። ስለዚህ በዕድሜው ለቀበሌው ምክር ቤት ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም ማለት ነው። መርጦ የማያውቅን ትውልድ ነው እንግዲህ ና ምራ የምንለው።

አመራር ስልጠና ላይ ይገኛል የሚለውንም ብዙ አላምንበትም። በአዳራሽ ሦስት ቀን ስላይድ አይቶ፣ አበል ፈርሞ የወጣ ልጅ ብዙ አይቻለሁ። የተሻለ የሚመራው እድር ውስጥ ገንዘብ ያዥ የነበረ፣ የሰፈር ቡድን ያሰለጠነ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተባበረ ነው። እድር ውስጥ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ይሄን ያህል ገባ፣ ይሄን ያህል ወጣ ብለህ ታነባለህ። አንድ መቶ ብር ብትጎድል ሽማግሌው ሁሉ መነጽሩን አውልቆ ያይሃል። የአክስቴ ልጅም ዝርዝሩን በር ላይ የመለጠፍ ወጉን ያመጣችው ከዚያ ይመስለኛል፣ የአባቷ እድር ጸሐፊ ነበረች።

ስለ ዲቹ፣ ስለ ጎርፍ መውረጃው ቦይ ማለቴ ነው፣ ሳልጽፍ ልጨርስ ነበር። ባህር ዳር ሜዳ ናት፣ ውሃው የሚወርድበት ቁልቁለት የላትም፣ ዲች ከተደፈነ ክረምት ላይ ግቢ ይገባል። የተማረችውም እሱን ነበር። ደብዳቤ ጻፈች፣ መልሱ "በጀት ሲፈቀድ" ሆነ። በመጨረሻ የሰፈሩ ልጆች እሑድ እሑድ በአካፋ ጠረጉት፣ ለክረምቱ ያህል በቂ ነው።

አሁን ሐምሌ ላይ አዲስ ምደባ አለ እየተባለ ነው። ልትቀየር ትችላለች፣ ስልኩ ያለ ነገር አልተደወለም። ርክክብ ላይ የተጣራውን ዝርዝር ለብቻ አድርገሽ አስፈርሚ አልኳት።

"ለሁሉም እድር ዳኞች ኮፒው ደርሷል" አለችኝ። "የሚተካኝ ሰው ቢጠፋበት ከእነሱ ይጠይቅ።"