የጅሬን ሰማይና የእድሩ ውዝፍ

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። የመረጠኝ የእጅ ጽሑፌ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ስብሰባ ላይ «የሚነበብ ጽሑፍ ያለው ማነው?» ተባለ። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። ከዚያ ወዲህ ማን እንደከፈለ፣ ማን ደግሞ «ነገ» እያለ እንደሚያልፈኝ አብጠርጥሬ አውቃለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ እድር አይደለም፤ ስለ ሥዕል ነው። ቆዩ ብቻ፣ ሁለቱ ይጣበቃሉ። በኮላ።

ነገሩ የጀመረው ነሐሴ ላይ ነው። ነሐሴ ላይ ጅማ ምን እንደሚውል ታውቃላችሁ፤ ይዘንባል። ጠዋት ይዘንባል፣ ከሰዓት ያካፋል፣ ማታ የቀረው ይመጣል። የምኖረው ከእህቴና ከልጇ ጋር ነው። እህቴ ቤት ውስጥ ሹሩባ ትሠራለች። ስለዚህ ሳሎናችን ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ትልቅ መስታወት፣ አንድ የእጅ መስታወት፣ የቅባትና የስፕሬይ መዓት፣ ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት ሴትም አይጠፉም። እኔ ጥግ ይዤ ስልኬን ስነካካ አንድ ሰውዬ በእርሳስ ብቻ ተራራ፣ ጭጋግና ወንዝ ሲሠራ አየሁ። 12 ደቂቃ ፈጀበት። «ይቺማ ምን አላት!» አልኩ። (ይህችን አባባል ከዚህ በፊትም ብዙ ከፍዬባታለሁ።)

በማግስቱ እርሳስ ልገዛ ወደ ሒርማታ ገበያ ወረድኩ። ኤችቢና 2ቢ ወዲያው ተገኙ። «4ቢና 6ቢስ?» ስል ባለሱቁ ትንሽ አሰበና «ቻርጀሩ ነው የጠፋብህ?» አለኝ። ያገኘሁት አራተኛው ሱቅ ላይ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚገዙበት ጋ ነው። እዚያ ደግሞ ልጅቷ «ልጅህ ስንተኛ ክፍል ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አምስተኛ» አልኩ። ምን ልበል?

ፊደሎቹ ዝም ብለው የተጻፉ አይደሉም። ኤች ማለት ጠንካራ ነው፤ ፈዘዝ አድርጎ ይጽፋል። ቢ ለስላሳና ጥቁር ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ይጠቁራል። ሚስጥሩ ግራፋይት ከሚባለው ጥቁር ማዕድን ጋር የሚደባለቀው ሸክላ አፈር ነው። አፈሩ ከበዛ ይጠነክራል፣ ካነሰ ይለሰልሳል። ይህን ደባልቆ የመተኮስ ዘዴ በ1795 በስሙ ያስመዘገበው ኒኮላ ዣክ ኮንቴ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ይህን ሁሉ ለእህቴ እያስረዳኋት ሳላስበው የእርሳሱን ጫፍ በምላሴ አራስኩት።

«አንተ ልጅ! እርሳስ መርዝ ነው!» ብላ ጮኸች።

«እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም» አልኳት።

ተራዋን የምትጠብቀው ሴትዮ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ይሄ ልጅ ደህና ነው?» ብላ እህቴን ጠየቀቻት።

አስተማሪዬ የእህቴ ልጅ ሆነች። 11 ዓመቷ ነው። እኔ ቪዲዮውን እየዘለልኩ ተራራው ጋ ስደርስ፣ እሷ ከመጀመሪያው ታያለች። «አጎቴ፣ መጀመሪያ አምስት ሳጥን አለ እኮ» አለችኝ። አምስት ሳጥን በተርታ ትሠራለህ። የመጀመሪያው ባዶ ወረቀት፣ የመጨረሻው የምትችለውን ያህል ጥቁር፤ የመሃሎቹ ቀስ በቀስ የሚጠቁሩ። እሷ ስትሠራው ከወተት ወደ ማኪያቶ፣ ከማኪያቶ ወደ ቡና ይሄዳል። የእኔ ነጭ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ የተቀደደ ነው። ለካ እጅን ሳይጫኑ፣ ስሱን ደራርቦ ነው የሚጠቆረው። እኔ በአንዴ ላጠቁረው ስል ነበር ወረቀቱ የተቀደደው።

ከዚያ ጭረት መጣ። መስመሮችን አጠገብ ለአጠገብ ትደረድራለህ፤ ሲቀራረቡ ይጨልማል፣ ሲራራቁ ይፈዛል። በላዩ ላይ በሌላ አቅጣጫ ከደገምከው የበለጠ ይጨልማል። በጣም ወደድኩት። ተራራ ሠርቼ ሙሉውን ከላይ ወደ ታች ጫርኩት። እህቴ የደንበኛዋን ፀጉር እንደያዘች አንገቷን አስግጋ አየችና «ዝናቡን አሳምረኸዋል» አለች። ዝናብ አልሠራሁም! ጭረቱ የተራራውን ቁልቁለት ተከትሎ መውረድ ነበረበት አሉ። ዛፌንም ቅጠል በቅጠል ስለሣልኩት የተቆጣ ጃርት መሰለ። የእህቴ ልጅ ዓይኗን አጨንቁራ «አጎቴ፣ እንዲህ አድርገህ እየው፤ ቅጠሉ ይጠፋና ብርሃኑና ጥላው ብቻ ይቀራል» አለችኝ። አጨነቆርኩ። እውነቷን ነው። ሴትዮዋም አጨንቁራ አየችና ራሷን ነቀነቀች። ያው ሴትዮ ናት፤ ሹሩባው ብዙ ሰዓት ይፈጃል።

አሁን ጉራ መጣ። የእድራችን ሊቀመንበር ጅሬን ነው ተወልደው ያደጉት። አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝተውኝ «ጸሐፊ፣ ጣትህ ምነው ጠቆረ?» ሲሉኝ፣ «ሥዕል ጀምሬያለሁ ጋሼ። ለቀጣዩ ስብሰባ ጅሬንን ሥዬ አመጣልዎታለሁ፤ የእድሩ ዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን» አልኳቸው። ማን ጠየቀኝ? ማንም!

ዝናቡ ጋብ ባለ ቀን ከልጅቷ ጋር ባጃጅ ይዘን ጅሬን ወጣን። ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንጨቱ፣ ሰገነቱ፣ ዙሪያው ሁሉ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፤ እሱን በዝርዝር ልሣል ብል እስከ ጥምቀት እዚያው ነበርኩ። ስለዚህ ከሩቅ አየሁት። ፊት ለፊቴ ቡና፣ መሃል ላይ ቤተ መንግሥቱ፣ ከኋላ ኮረብታዎች፣ ከዚያ ሰማይ። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። የመጀመሪያው ኮረብታ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ግራጫ፤ የመጨረሻው ከሰማዩ ጋር ሊቀላቀል ምንም አልቀረውም። በመሃል ያለው አየርና እርጥበት እያደበዘዘው ነው። የጅማ እርጥበት ደግሞ ታውቃላችሁ፣ አይሰስትም።

«ሩቁ ይፍዘዝ፣ ቅርቡ ይጥቆር» አለች አስተማሪዬ። ይህችን ያዙልኝ። ኋላ ያዳነችኝም ያሳጣችኝም እሷ ናት።

ቤት ገብተን ሥራ ጀመርን። መብራት ጠፍቷል። ፕላስቲክ ማህደር ውስጥ ባለፈው ሳምንት ማተሚያ ቤት ሄጄ የገዛኋቸው ባዶ ወረቀቶች ነበሩ። ከላይ ያለውን መዝዤ ጀመርኩ። ሦስት ማታ ፈጀብኝ። ሰማዩን ሙሉ ለሙሉ ባዶ ተውኩት። ሩቁን ኮረብታ በኤችቢ ዳሰስ ብቻ አደረግሁት። ቡናውን ግን በ6ቢ አጨለምኩት። ከእጄ ሥር ቁራጭ ወረቀት አድርጌ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሄድኩ ሥዕሉ አልቆሸሸም። ፊቴ ላይ ግን ማንም ወረቀት አላደረገልኝም፤ ጠዋት ሥራ ስገባ ዘበኛው «ከሰል ማራገፍ ጀመርክ እንዴ?» አለኝ።

ቅዳሜ ማታ ወረቀቱ እንዳይጣጠፍ ከነጭ ካርቶን ጋር እንድታጣብቅልኝ ለልጅቷ ሰጠኋት። አሁንም መብራት የለም። በስልክ ባትሪ እያየች ኮላውን ስትቀባ፣ «አጎቴ፣ ጀርባው ላይ ጽሑፍ አለው» አለችኝ።

«ዝም ብለሽ ለጥፊው። ጀርባውን ማን ያየዋል?»

እሑድ ከስብሰባው በፊት አንድ ሥራ ቀረኝ። እርሳስ ሲነካ ይጠፋል፤ እንዲረጋ የፀጉር ስፕሬይ ይነፋበታል ተብሏል። እህቴ ቤተ ክርስቲያን ናት። መደርደሪያዋ ላይ አንድ የሚያክሉ ሁለት ጣሳዎች አሉ። አንዱ ፀጉር አድርቆ የሚያቆም፣ ሌላው ሹሩባ የሚያወዛ ዘይት። ይህን ልዩነት የማውቀው አሁን ነው። ያኔ ያወቅሁት ስፕሬይ ስፕሬይ መሆኑን ነው። በቅርብ ያለውን አንስቼ ሳልሰስት ነፋሁት።

መጀመሪያ አማረበት። ቡናው ከሰል ሆነ፣ ኮረብታው ወዛ። «እንዲህ ነው እንጂ!» ብዬ ቡና ልቀዳ ዞር አልኩ። ስመለስ ወረቀቱ ሳምቡሳ እንደተጠቀለለበት ወረቀት ዘይቱን ጠጥቶ ከጀርባ ያለውን ማሳየት ጀምሯል። ሰማዩ ላይ ደመና የመሰለ ነገር መጣ። ደመናው ተርታ ተርታውን የተሰለፈ ነው። ተጠግቼ አየሁት። ፊደል ነው፤ በግራ የተገለበጠ ፊደል። ከፊደሉ ጎን ቁጥር አለ።

ማህደሩ ትዝ አለኝ። ያን ቀን ማተሚያ ቤት የሄድኩት ለባዶ ወረቀት ብቻ አልነበረም። ውዝፍ ያለባቸውን የ23 ሰዎች ዝርዝር አሳትሜ ነበር፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ልለጥፍ። «ነገ እለጥፈዋለሁ» ብዬ በፊቱ ደፍቼ ከላይ ያስቀመጥኩት። አሁን በኮላ ካርቶን ላይ ተጣብቋል። ልላጠው ስል ጅሬን አብሮ ተላጠ፤ ተውኩት።

ልደብቀው ብድግ ስል ግቢው በር ላይ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የዚያ ወር ተረኛ እኛ ነበርን፣ ሊቀመንበሩ ደግሞ በሕይወታቸው አርፍደው አያውቁም። በክፍያ ካልሆነ በቀር።

«አምጣው እስቲ ጸሐፊ! ሰው ሁሉ ይየው እንጂ!»

በረንዳው ሞላ። ሥዕሉ ወንበር ላይ ተደገፈ። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። «ቤተ መንግሥቱ ራሱ ነው። ኮረብታውም እሱው... ይሄ ሰማዩ ላይ ያለው ምንድነው? ዓረብኛ ነው?»

«ደመና ነው ጋሼ።»

«ደመና 150 ብር ይላል?» አሉ የወፍጮ ቤቱ ጋሼ።

ቁጥሩም ተገልብጦ ነበር እኮ! ሰው ብር ሲሆን በየትም በኩል ያነባል። ዳቦ የሚሸጡት እማማ ነገሩ አላስችል አላቸው፤ «መስታወት አምጡ!» አሉ። ሹሩባ ቤት ውስጥ መስታወት ይጠፋል? የእህቴ ልጅ የእጁን መስታወት ይዛ በረረች። እማማ መስታወቱን ከሥዕሉ ፊት ያዙ፣ አንድ ወጣት ማንበብ ጀመረ። ዝርዝሩ በፊደል ተራ ነው። የሊቀመንበራችን ስም በ«ሀ» ይጀምራል። የሦስት ወር፣ 150 ብር፣ ከቤተ መንግሥቱ ጣሪያ ቀጥ ብሎ በላይ፣ በጠራው ሰማይ ላይ።

በረንዳው ጸጥ አለ። «ቀጥል» አሉ ሊቀመንበሩ፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ።

ቀጠለ። የወፍጮ ቤቱ ጋሼ ከሩቁ ኮረብታ ላይ ወጡ። እማማ ራሳቸው መስታወቱን እንደያዙ ስማቸው ሲነበብ «እኔ ባለፈው ሰጥቻለሁ!» ብለው መስታወቱን ሊያዞሩት ነበር። ወደ ታች ሲወረድ ንባቡ እየከበደ መጣ። ቡናው ጋ ሲደርስ ልጁ ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ «ከዚህ በኋላ ጨለማ ነው» አለ። 6ቢ ሥራውን ሠርቷል። እኔም ትንፋሼን ለቀቅሁ።

«ተጨርሷል ማለት ነው» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ወደ አጀንዳው እንግባ።»

«አጎቴ፣ አልተጨረሰም እኮ» አለች አስተማሪዬ። «እኔ ስለጥፈው 23 ሰው ነበር። የተነበበው 17 ነው። ስድስቱ ቡናው ውስጥ ናቸው።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ቡናው ጎንበስ አለ። ስሜ በ«ፍ» ይጀምራል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማንኛውም ዝርዝር መጨረሻ ነኝ። ሊቀመንበሩ ጣታቸውን ከታች በስተቀኝ ያለው፣ ሁለት ማታ ሙሉ ደጋግሜ ያጠቆርኩት ጥግ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«እኔን ሰማይ ላይ ሰቅለኸኝ አንተ ቡና ሥር ተደበቅህ?»

ሁለት ወር፣ 100 ብር፣ እዚያው ቆሜ ከፈልኩ። እሳቸውም ከፈሉ። ከጨለማው ውስጥ ሌሎች ሁለት ሰዎች ሳይጠሩ ተነስተው ኪሳቸውን መዳበስ ጀመሩ። ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ እየጻፈ ሳለ እህቴ ከቤተ ክርስቲያን ገባች። ወንበሩ ላይ የሚያብረቀርቀውን ጅሬን አየች። ጣሳውን አነሳችና ጆሮዋ ጋ አድርጋ ነቀነቀችው።

«ይሄንን ባዶ ያደረገው ማነው?»

የእህቴ ልጅ ጣቷን ወደ ቡናው ቀሰረች።