ጳጉሜን የት ገባች?

የአጎቴ ዋና ሱቅ ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ከአደባባዩ ትንሽ ገባ ብሎ። ሁለተኛው ኮዬ ፈጬ፣ ሦስተኛው ገላን። የፊኒሺንግ ዕቃ እንሸጣለን፤ ቀለም፣ ሴራሚክ፣ ጂፕሰም፣ ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ቤቱን የሚረከበው ሳያልቅ ነው። የጎደለውን ከእኛ ሰፈር ሱቆች ይገዛል። ገበያው ጥሩ ነው። ግን ጥሩ መሆኑን በልባችን እንጂ በቁጥር አናውቀውም ነበር።

2017 ግንቦት መጨረሻ ላይ አጎቴ ጠሩኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ የገላኑ ሱቅ ያተርፋል ወይስ እኔን ነው የሚበላው?"

መልስ አልነበረኝም። የቱሉ ዲምቱው ሽያጭ ኤክሴል ላይ ነው። የኮዬ ፈጬው ደብተር ላይ። የገላኑን ልጁ ማታ ማታ የካሽ ሬጅስተሩን ዜድ ሪፖርት፣ የቀኑን ሽያጭ ድምር ማለት ነው፣ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልካል። የሂሳብ ባለሙያችን በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ ሁሉንም ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ውስጥ ይከታል። ፒችትሪው ግን የሚያገለግለው ለግብር ነው። አጎቴ ለጠየቁት ጥያቄ ማንም አልተዘጋጀም።

ሦስቱንም ሱቅ በአንድ ገጽ የሚያሳይ፣ በኢንተርኔት የሚሠራ የሪፖርት ሶፍትዌር የመፈለጉ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ዳታው ክላውድ ላይ ነው የሚቀመጠው ብዬ ሳስረዳቸው፣ ክላውድ ምንድነው አሉ። ደመና አልኳቸው። ሳቃቸው መጣ።

"ላም አለኝ በሰማይ በይኛ!"

የመጀመሪያው ሳምንት ባከነ ብል ይሻላል። ዴሞ፣ የሶፍትዌር ሻጮችን ማሳያ፣ ሳይ ነበር የምውለው። ዴሞ ላይ ሁሉም ነገር ያምራል። ታብሎ የሚባለው የሪፖርት ሶፍትዌር "ሱፐርስቶር" የሚባል የተዘጋጀ የማሳያ ዳታ አለው፤ ካርታው፣ ቀለሙ፣ ግራፉ ልብ ይሰርቃል። እዚያ ዳታ ውስጥ ግን ዱቤ የለም። ስም የሚያምታታ ደንበኛ የለም። ወሩም ጃንዋሪ ብሎ ነው የሚጀምረው። የሰው ሙሽራ ማየት እንደማለት ነው፤ ደስ ይላል፣ ግን የኔ ሰርግ አይደለም።

በመሃል አንድ የአገር ውስጥ ሻጭ ሱቃችን ድረስ መጣ። ላፕቶፑን ሲሚንቶ ከረጢት ላይ አስቀምጦ ገለጻ ጀመረ። አጎቴ ዝም ብለው ቆይተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

"ጳጉሜን የት ነው የምትገባው?"

ልጁ ለአፍታ ቆመና "ካስተማይዝ ይደረጋል ጋሼ" አለ። ዋጋውን ስንጠይቅ ካስተማይዙ፣ ለእኛ እንዲስማማ መቀየሩ ማለት ነው፣ ለብቻው የሚከፈልበት ሆኖ ተገኘ። ሻጩ ሄደ፣ ጥያቄው እኔ ጋ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሶፍትዌር ሁሉ የመዘንኩት በዚች ጥያቄ ነው።

የሌላ ሥራ ሰው ቀልድ ይመስለው ይሆናል። ለእኛ ግን ቀልድ አይደለም። ሰው ቤቱን የሚቀባው ለእንቁጣጣሽ ነው። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ቀለም ይጋፋሉ፤ ጳጉሜን ላይ ደግሞ ምሳ መብላት አይቻልም። የሂሳብ ባለሙያችን ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር ይደምራታል። አጎቴ "የበዓል ገበያ ናት፣ ከመስከረም ጋር ነው የምትቆጠረው" ይላሉ። ሶፍትዌሩ ደግሞ ሁለቱንም አይሰማም። የፈረንጆቹን ሴፕቴምበር ብትከፍቱት፣ በተራ ዓመት የነሐሴ 5 ቀን፣ የጳጉሜን 5 ቀን፣ የመስከረም 20 ቀን ተቀላቅሎ ታገኛላችሁ። የበዓሉ ግርግርም፣ ከበዓል በኋላ ያለው ጭርታም አንድ የግራፍ ዘንግ ውስጥ ገብተው ይጠፋሉ። የበጀት ዓመቱም እንደዚያው ነው። የሞከርኳቸው ሶፍትዌሮች ዓመቱ በየትኛው ወር ይጀመር ብለው ይጠይቃሉ። ጁላይ ማለት ትችላላችሁ። ጁላይ 8 ማለት ግን አይቻልም፤ የእኛ ሐምሌ 1 ደግሞ ያኔ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ፣ አሰልቺ ቢሆንም። የቀን ሠንጠረዥ ሠራሁ። ለእያንዳንዱ የፈረንጅ ቀን አንድ መስመር፤ ጎኑ ላይ የእኛ ዓመት፣ ወር፣ ቀን እና የወሩ ተራ ቁጥር። ከ2014 እስከ 2018 ድረስ 1826 መስመር ወጣው። ጳጉሜን 13 ቁጥር ተሰጥቷት ራሷን ችላ ቆመች። ባለሙያውም አጎቴም እንደፈለጋቸው ይደምሯት።

የወሩን ተራ ቁጥር ያስገባሁት ቂም ይዤ ነው። መጀመሪያ የወሮቹን ስም ብቻ ነበር የሰጠሁት። ግራፉ በሐምሌ ሲጀምር፣ ይሄ ነገር የበጀት ዓመታችንን አወቀው እንዴ ብዬ ደስ አለኝ። ቀጥሎ መስከረም መጣ። ከዚያ መጋቢት። ከዚያ ሚያዝያ። ለካ በፊደል ተራ ነው የደረደራቸው። ሐ ከመ ይቀድማላ!

የሰዓቱ ነገር ደግሞ ለየት ይላል። እሑድ አንከፍትም። አንደኛው የሞከርኩት ሶፍትዌር ግን እሑድ እሑድ ጥሩ ሽያጭ እንዳለን ይናገራል፣ ቅዳሜ ደግሞ ባዶ ነው። ለአንድ ቀን ሙሉ ገላን ያለውን ልጅ ጠረጠርኩት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ነገሩ ሲጣራ ሶፍትዌሩ ቀኑን የሚያነበው በግሪንዊች ሰዓት ነው። እኛ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ሌሊት 6 ሰዓት የጀመረው ሰኞ፣ እዚያ ገና እሑድ ማታ 3 ሰዓት ነው። ሽያጩ የተመዘገበው በቀን እንጂ በሰዓት ስላልሆነ ሁሉም ቀኑ በጀመረበት ሰዓት እንደተሸጠ ይቆጠራል፤ ስለዚህ የሳምንቱ ሽያጭ በሙሉ አንድ ቀን ወደ ኋላ ተንሸራቷል። የሰዓት ክልሉን ስቀይረው ተስተካከለ። በሌላኛው ላይ ሪፖርቱ ማታ 1 ሰዓት እንዲላክ ብዬ 1 ሰዓት ሞላሁ። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የአጎቴ ስልክ ጮኸ። እሱ የኔ ጥፋት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ፊደል ነው፤ ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝም እሱ ነው። ለዚህኛው ሙከራ የመረጥኩት ከሐምሌ አጋማሽ 2016 እስከ መስከረም አጋማሽ 2017 ያለውን ሽያጭ ነበር። ሆን ብዬ አስቸጋሪውን ጊዜ ነው የወሰድኩት። የዱቤውን ዝርዝር በደንበኛ ስደምረው ሁሉም ሰው ከተፈቀደለት ጣሪያ በታች ነው። ጎበዝ ነን ማለት ነው። ስሞቹን ወደ ታች ሳያቸው ግን አንድ ኮንትራክተር በ"ኃ"፣ በ"ሀ" እና በ"ሃ" ሦስት ሰው ሆኖ ተቀምጧል። ለእኛ ጆሮ አንድ ስም ነው። ለኮምፒውተር ሦስት። የሦስቱ ዱቤ ሲደመር ጣሪያውን በጣም አልፎታል። "ዓ" እና "አ"፣ "ፀ" እና "ጸ" ላይ የባሰ ጉድ ነበር። ሴራሚክ ራሱ በሦስት ዓይነት ተጽፏል።

ይሄን ከሞከርኳቸው ሶፍትዌሮች አንዱም በራሱ አላስተካከለልኝም። ለሁሉም ዕቃ ኮድ፣ ለሁሉም የዱቤ ደንበኛ ቁጥር ሰጠን። ሁለት ሳምንት ፈጀብን። አጎቴ በመሃል ተሰላችተው "ሶፍትዌር ፈልጊ አልኩሽ እንጂ ክርስትና አንሺ አልኩሽ?" አሉኝ። ሥራው ግን ሌላም ጥቅም ነበረው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው ስምና ስልክ ውጭ አገር ያለ ሰርቨር ላይ ዝም ብሎ መጫን ያሳስበኛል። አሁን ወደ ላይ የሚሄደው የደንበኛው ቁጥር ብቻ ነው። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር ቱሉ ዲምቱ ባለው ኮምፒውተር ቀርቷል።

ወደ ዋጋው ልምጣ። የማይክሮሶፍቱን ፓወር ቢአይ ወድጄው ነበር። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ዴስክቶፑ በነፃ ነው፣ የቀን ሠንጠረዤንም ያለ ብዙ ጣጣ ተቀበለኝ። ለሌላ ሰው ማጋራት ሲመጣ ግን ፕሮ የሚባለው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ላኪውም ተመልካቹም ሊኖራቸው ይገባል። በአንድ ሰው በወር 10 ዶላር የነበረው በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2025 ወደ 14 ዶላር ከፍ ብሏል። እኛ አምስት ነን፣ 70 ዶላር። ምዝገባውም በጂሜል አይሆንም፣ የድርጅት ኢሜይል ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ የለንም። ታብሎ ላይ ሪፖርት ለሚሠራው ሰው ያየሁት ዋጋ በወር 75 ዶላር ነው፣ ያውም የዓመቱ በአንዴ ተከፍሎ። ታብሎ ፐብሊክ የሚባለው ነፃ ነው፤ ግን እዚያ የተጫነ ነገር ለማንም ክፍት ነው። ልጭነው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ዞሆ አናሊቲክስ የሚባለውንም ነካ ነካ አድርጌዋለሁ፣ አልከፋም። ሜታቤዝ የሚባለውን ሌላ ሶፍትዌር በነፃ ለመጠቀም የራሳችሁን ሰርቨር ቀንና ሌሊት ማብራት አለባችሁ። እኛ ሰፈር መብራት ያለበትን ሁኔታ ለሚያውቅ ሰው ተጨማሪ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በዶላር ከሆነ ደግሞ ዋጋውን ዛሬ ማወቅ ለነገ አይበቃም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ሶፍትዌሩ ዋጋውን ሳይነካ የእኛ ወጪ እጥፍ ሊሆን ይችላል። መክፈያውም ሌላ ራስ ምታት ነው፤ የብር ካርዳችን አልሠራም። ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ ይክፈልልን የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። አጎቴ "ለመድኃኒት ቢሆን እሺ፣ ለሪፖርት ብዬ ዘመድ አላስቸግርም" ብለው ዘጉት።

ስለ ምንዛሪው ካነሳሁ አይቀር፣ በሙከራው ያየሁት ትልቁ ትምህርት እዚያው ነው ያለው። የነሐሴ 2016 ግራፍ ሽቅብ ተተኩሷል። ለአጎቴ በኩራት አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና "ስንት ካርቶን ነው የወጣው?" አሉ። ግራፉ በብር ብቻ ነበር። በካርቶን ሳወጣው መስመሩ ተኝቷል። የጨመረው ዋጋው ነው እንጂ ሽያጩ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእያንዳንዱ የብር ግራፍ ጎን የካርቶን፣ የጋሎን ወይም የጥቅል ቁጥር አለ። የዘመኑን ዳሽቦርድ፣ የግራፍ ገጹን፣ ያረሙት ባለ ደብተሩ አጎቴ መሆናቸው ትንሽ አሳፍሮኛል፤ ትንሽ ብቻ።

በመጨረሻ የያዝነው ኤክሴልን የሚመስለውን ጎግል ሺትስ እና ከእሱ ላይ ግራፍ የሚያወጣውን ሉከር ስቱዲዮን ነው፤ በፊት ዳታ ስቱዲዮ ይባል የነበረውን። ምርጡ ነው አልልም። ዳታው ሲበዛ ይንቀራፈፋል። ውስብስብ ስሌት ላይ ፓወር ቢአይ በብዙ ይበልጠዋል። ግን ካርድ አይጠይቅም፣ ጂሜል ይበቃዋል፣ ስልክ ላይ ይከፈታል። አንድ የሺትስ ፋይል እስከ 10 ሚሊዮን ሴል (የሠንጠረዥ ሳጥን) ይይዛል፤ በእኛ የሽያጭ መጠን ቶሎ አይሞላም። ነገ ብናድግ እንኳ የቀን ሠንጠረዡና ኮዶቹ የእኛ ናቸው፤ ይዘናቸው ወደ ሌላው እንሄዳለን።

ከመወሰናችን በፊት አንድ ፈተና ቀርቶ ነበር። የኮዬ ፈጬዋ ስቶር ኪፐር በራሷ ስልክ፣ በራሷ ዳታ እንድትከፍተው ጠየቅኳት። ዋይፋይ የለም፣ ስልኳም የቆየ ነው። የመጀመሪያው ገጼ አሥራ አንድ ግራፍ ነበረው። ጠበቀች፣ ጠበቀች። "እህቴ፣ ይሄ እስኪከፈት ደንበኛው ሌላ ሱቅ ገዝቶ ይጨርሳል" አለች። ሦስት ቁጥርና አንድ ግራፍ ብቻ አስቀረሁ፤ የቀን ሽያጭ፣ ያልተከፈለ ዱቤ፣ ሊያልቅ የደረሰ ዕቃ። ኔትወርክ ለሌለበት ቀን ደግሞ ማታ በኢሜይል የሚመጣውን ፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ እለጥፈዋለሁ።

አንድ ስህተት ሠርቻለሁ፣ ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። መጀመሪያ ሊንኩን "ያገኘው ሁሉ ይየው" በሚለው ነበር የከፈትኩት፤ ስለሚቀል። በሦስተኛው ቀን ከሱቅ ልጆቻችን አንዱ በየዋህነት ለጓደኛው ላከው። ጓደኛው የሚሠራው ከእኛ ሁለት በር አለፍ ብሎ ያለ ሱቅ ውስጥ ነው። የቀለም ዋጋችንን እስከነ ትርፉ አዩት ማለት ነው። አሁን በስም ለተፈቀደለት ኢሜይል ብቻ ነው የሚከፈተው።

የገላኑ ሱቅስ? ያተርፋል። ግን ትርፉ ግማሹ ያልተሰበሰበ ዱቤ ነው። አጎቴ ሲሰሙ "ጠርጥሬ ነበር" አሉ፤ ደብተራቸውን ግን አልተዉም።

ጳጉሜን 2017 ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ ዘንግ ኖሯት ስክሪኑ ላይ ቆመች፤ አጠር ያለች፣ አምስት ቀን ብቻ። አጎቴ በጣታቸው ነክተው ቁጥሩን አዩና ደብተራቸው ላይ ገለበጡት። የቀን ሠንጠረዡ የሚያልቀው ጳጉሜን 5 ቀን 2018 ላይ ነው። ከዚያ በፊት የ2019ን መስመሮች መጨመር አለብኝ፤ የዚያ ዓመት ጳጉሜን ደግሞ 6 ናት። እንዳልረሳው ስቶሩ በር ላይ በተሰቀለው ካሌንደር በቀይ እስክሪብቶ ጽፌዋለሁ።